ባለ 150 ሊትር የሶላር ውሃ ማሞቂያ በባሕር ዳር፦ ከ10 ወር በኋላ

ከጥቅምት እስከ ነሐሴ የሻወሩንም የማድቤቱንም ውሃ ያሞቀው ጣሪያ ላይ የተሰቀለ፣ ከላይ ታንከር ከሥሩ 15 የመስታወት ቱቦ ያለው፣ ያለ ግፊት የሚሠራ ሶላር ነው። በፊት የነበረው ባለ 50 ሊትር ቦይለር ውሃውን ከ22 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ 2.2 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ መብራት ሲጠፋ እሱም አብሮ ይጠፋል። ሶላር ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ክረምት ላይስ?» ብሎ ነው። እዚህ ከተማ ግን ቱቦ የሚሰብረው ደመና አይደለም፤ የቧንቧ ውሃ መቆራረጥ ነው።

ውሃ ጠፍቶ ታንከሩ ሲደርቅ ባዶው ቱቦ ፀሐይ ላይ ከ200 ዲግሪ በላይ ይግላል። ከቀኑ 7 ሰዓት «ውሃ መጣ» ተብሎ ቫልቭ ከተከፈተ ቀዝቃዛው ውሃ የጋለውን መስታወት ይሰነጥቀዋል፤ አንዱ ከተሰነጠቀ የታንከሩ ውሃ በሙሉ ጣሪያ ላይ ይፈስሳል። ስለዚህ ከከተማው መስመር በቀጥታ አይገናኝ። ከሮቶ (ከውሃ ማጠራቀሚያው) ይምጣ፣ መግቢያው ላይ ቫልቭ ይኑረው፣ ደርቆ ከቆየ ደግሞ ማለዳ 12 ሰዓት ወይም ከመሸ በኋላ ብቻ ይሞላ። ሮቶው ከሶላሩ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ በመካከል ተንሳፋፊ ኳስ ያለው ትንሽ ረዳት ታንከር ግዴታ ነው፤ አለዚያ ውሃው በሶላሩ ታንከር የአየር መውጫ ሲፈስስ ያድራል።

ቧንቧ ሠራተኞች ደጋግመው የሚስቱት ሌላ ነገር አለ። ሙቁ ከሶላሩ፣ ቀዝቃዛው ከከተማው መስመር ከመጣ፣ ሻወሩ ላይ ሲገናኙ ጉልበት ያለው ቀዝቃዛው ሙቁን ወደ ላይ መልሶ ይገፋዋል። 1 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው 0.1 ባር ብቻ ነውና ሶላሩ ሊከራከረው አይችልም። ሁለቱም ከአንድ ሮቶ ይምጡ። ደቃቅ ቀዳዳ ያለውን ሰፊ የሻወር ራስም ይርሱት፤ ጠብ ጠብ ነው የሚለው።

ከሶላሩ ጋር የመጣው የብረት እግር ቱቦውን ወደ 45 ዲግሪ ያቆመዋል፤ ይህ ከምድር ወገብ ለራቁ አገሮች ነው። ባሕር ዳር 11.6 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት። በሰኔ ቀትር ወደ ደቡብ 45 ዲግሪ የቆመ ቱቦ ከቀጥታ ጨረሩ ግማሽ ያህሉን ሲያገኝ፣ ወደ 20 ዲግሪ የተኛው ከአምስት አራት እጅ በላይ ያገኛል። በታኅሣሥ የሚያጎድለው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የኋላ እግሩን ብየዳ ቤት ማሳጠር ነው፤ ታንከሩ ግን ከቱቦዎቹ በላይ መቆየት አለበት፣ አለዚያ ሙቁ ውሃ አይወጣም። ሁለት ቀን ሙሉ ደመና ከሆነ ውሃው ለብ ከማለት አያልፍም። ያኔ ታንከሩ ውስጥ ያለው የ1.5 ኪሎዋት የኤሌክትሪክ ረዳት ማሞቂያ 150 ሊትሩን ከ20 ወደ 45 ዲግሪ ለማምጣት ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል።

በበጋ ደግሞ ውሃው እጅ አያስነካም፤ ልጆች ባሉበት ቤት ቀዝቃዛውን አስቀድሞ መክፈት ይልመድ። ከታንከሩ የሚወጣው የመጀመሪያው 2 ሜትር የብረት ቧንቧ ቢሆን ይሻላል፤ ተራ ፒፒአር (የፕላስቲክ ቧንቧ) ከ70 ዲግሪ በላይ ለረጅም ጊዜ አይቆይም፣ ፀሐይም ያደርቀዋል። የ20 ሚሊ ሜትር ፒፒአር በ10 ሜትር ርዝመቱ 1.4 ሊትር ያህል የቀዘቀዘ ውሃ ስለሚይዝ፣ ሻወሩ እስኪሞቅ የሚወጣውን በባልዲ ተቀብሎ ለሽንት ቤት መጠቀም ነው።

በወር አንዴ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የቱቦዎቹን ጫፍ ማየት ያስፈልጋል። ደህናው እንደ መስተዋት ብርማ ነው፤ ወተት መስሎ የነጣው በድርብ መስታወቱ መካከል አየር ገብቶበታል፣ ከእንግዲህ አያሞቅም። ሲቀየር ቱቦው ታንከሩ ውስጥ የሚገባበትን ጎማ በሳሙና ውሃ አርጥቦ ቱቦውን እያሽከረከሩ ማስገባት ነው፤ በደረቁ የተገፋ ጎማ ተጣጥፎ ያፈስሳል። ሁለት መለዋወጫ ቱቦ ቤት ውስጥ ይኑር። የአየር መውጫው አፍ ላይ ደግሞ ወንፊት ይታሰር፤ ተርብ በጭቃ ከደፈነው ውሃ ሲቀዳ አየር ስለማይገባ ታንከሩ እንደ ተጨመቀ ጣሳ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ያንን የሚያቃና ብየዳ የለም።