ለ60 ሳንቲሜትር የኮራል ገንዳ፦ ፕራይም 16ኤችዲ ወይስ ኬሲል ኤ160?

ርዝመቱ 60፣ ወርዱና ቁመቱ 45 ሳንቲሜትር የሆነ የኮራል ገንዳ 120 ሊትር ያህል ይይዛል። ለዚህ መጠን መብራት የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ስሞች ላይ ይደርሳል፦ የኤአይ (አኳ ኢሉሚኔሽን የተባለው ኩባንያ) ፕራይም 16ኤችዲ እና የኬሲል ኤ160ደብሊውኢ ቱና ብሉ። ሁለቱም ጥሩ ዕቃ ናቸው፤ የሚለያዩት በምታስቀምጡት ኮራል ነው።

ዋት እያያችሁ አትግዙ። ፕራይሙ 60 ዋት ገደማ፣ ኬሲሉ 40 ዋት ይበላል፤ ይህ የመብራት ሒሳባችሁን እንጂ ኮራሉ የሚደርሰውን ብርሃን አይናገርም። የሚለካው ፓር ነው፤ ተክልና አልጌ ምግብ የሚሠሩበት፣ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ያለው ብርሃን። በኮራሉ ሥጋ ውስጥ የሚኖሩት አልጌዎች ደግሞ በተለይ ከ400 እስከ 500 ናኖሜትር ያለውን ሐምራዊና ሰማያዊ ይወዳሉ። በስልክ የብርሃን መለኪያ አትመኑ፤ የሰው ዓይን አረንጓዴን በሚያይበት ሚዛን ስለሚቆጥር ሰማያዊውን በጣም ያሳንሰዋል። እንደ ዞአንተስና እንጉዳይ ኮራል ያሉት ለስላሳዎቹ ከ50 እስከ 150 ፓር ይበቃቸዋል። እንደ ሀመርና ቶርች ያሉት ኤልፒኤስ (ሥጋቸው ትልልቅ የሆነ ድንጋያማ ኮራሎች) ከ75 እስከ 200 ይፈልጋሉ። ቅርንጫፋማው ድንጋያማ ኮራል አክሮፖራ ግን ከ250 እስከ 350 ካላገኘ ቀለሙ አይወጣም።

ፕራይሙ ቀለሞቹን ለየብቻ በስልክ አፕ ያስተካክላል፤ ንጋትና ምሽት ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ድካሙ ሁለት ነው። ቀይና አረንጓዴውን ከፍ ካደረጋችሁ አሸዋው ላይ ባለቀለም ጥላ ይበትናል። ፋኑም ጨዋማ አቧራ ሲይዘው መጮህ ይጀምራል፣ ችላ ከተባለ መብራቱ ይግላል። ኬሲሉ ኤልኢዲዎቹን አንድ ቦታ ስላጨቀ ቀለሙ የተዋሃደ ነው፤ የውሃው ሞገድ ጥላ ድንጋዩ ላይ ሲጫወት እንደ ፀሐያማ ባሕር ያምራል፣ በዚህ ፕራይሙን ያስንቀዋል። የሚስተካከለው በሁለት ማዞሪያ ቁልፎች ነው፤ አንዱ ለቀለም፣ አንዱ ለጉልበት። ተቆጣጣሪ መሣሪያ ለብቻው ካልገዛችሁ ግን በተራ ሰዓት ቆጣሪ ቦግ ብሎ ይበራል፣ ድርግም ብሎ ይጠፋል።

ፍርዳችን ይህ ነው። ለስላሳ ኮራል ብቻ የሚያሳድግና ከአፕ ጋር መታገል የማይፈልግ ሰው ኬሲሉን ይውሰድ። ለድብልቅ ገንዳ ፕራይሙ ይሻላል። አክሮፖራ ከጥግ እስከ ጥግ ለሚተክል ግን አንድ ፕራይምም አይበቃም፤ መሃሉ ሲቃጠል ዳሩ ይጨልማል። ሁለት ፕራይም በ60 ከመቶ ማብራት አንዱን በ100 ከማስጨነቅ ይበልጣል፤ ብርሃኑ ከሁለት አቅጣጫ ስለሚመጣ የቅርንጫፎቹ ሥርም ይደርሰዋል።

አሰቃቀሉ፦ ከውሃው 20 እስከ 25 ሳንቲሜትር ከፍ አድርጉ። በፕራይሙ ላይ ሰማያዊና ሐምራዊውን መሪ አድርጉ፣ ነጩን ከ10 እስከ 20 ከመቶ፣ ቀይና አረንጓዴውን ከ5 በታች። ሙሉ ብርሃኑ ለ8 ሰዓት ይቆይ፣ መግቢያና መውጫው አንድ አንድ ሰዓት። አዲስ መብራት ከታሰበው ጉልበት በግማሽ ተጀምሮ በሳምንት 5 ከመቶ ይጨመር። ብዙ ኮራል የሚሞተው በብርሃን ማነስ ሳይሆን አዲስ መብራትን በአንዴ ከፍ በማድረግ ጥድፊያ ነው።

የኮራሉ አናት ከነጣ ብርሃኑ በዝቷል፤ ኮራሉን በየቀኑ ከማዘዋወር ጉልበቱን 20 ከመቶ ቀንሱና ጠብቁ። ቡናማ ከሆነ ብርሃን አንሶት ሊሆን ይችላል፤ ግን ናይትሬትና ፎስፌት ሲበዛም እንዲሁ ያደርገዋልና መብራቱን ከመንካት በፊት ውሃውን መርምሩ። የፓር መለኪያ የሚዋስ ካለ አፖጂ ኤምኪው-510 ለውሃ ውስጥ የተሠራ ነው። የቆየው ኤምኪው-200 የኤልኢዲን ሰማያዊ አሳንሶ ያነባል።

ሱቅ ውስጥ በድፍን ሰማያዊ መብራት ሥር ያለ ኮራል ሁሉ ዕንቁ ይመስላል። ነጩን አብሩልን በሉ፤ ሻጩ ቅር ቢለውም።

ሌንሱን በወር አንዴ በተጣራ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ጥረጉ፤ የደረቀ ጨው ብርሃን ይበላል። ገመዱ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሎ እንዲወጣ አድርጉ፣ ያለዚያ የሚንጠባጠበው ጨዋማ ውሃ ፊሹ ውስጥ ይገባል። በሁለቱም ላይ ማንጠልጠያ ክንዱ ለብቻው ይሸጣልና ዋጋ ስታወዳድሩ ጨምሩት። ከአሜሪካ አስመጥታችሁ ዱባይ ወይም አዲስ አበባ የምትሰኩት ከሆነ አዳፕተሩ ላይ 100–240 ቮልት መባሉን ሳታዩ አትሰኩ።