ኳስ ወይስ መካሪ፦ ለወሎ ችግረኛ ልጆች የቱ ይቅደም?

ደሴ ላይ አንዱን ሊስትሮ "ና፣ ልምከርህ" ብትለው አይመጣም። "ና፣ ኳስ እንጫወት" በለው፤ ሳጥኑን ለጓደኛው አስይዞ ይሮጣል። ኳስን የማስቀድመው ለዚህ ነው። ወጪዋም ትንሽ ነው፤ አንዷ ኳስ 22 ልጅ ታጫውታለች። ወልድያ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ፣ ከ25 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ ስታዲየም አላት፤ ለሰፈር ልጅ ግን ድንጋዩ የተለቀመለት ሜዳ ይበቃዋል።

ግን ጨዋታው 90 ደቂቃ ነው። ልጁ ማታ የት እንደሚያድር፣ ትምህርቱን ለምን እንዳቋረጠ ኳስ አትጠይቀውም። በ2014ቱ ጦርነት ቤተሰቡ የተበተነበት ልጅ ጎል ሲያገባ ይስቃል፤ ሌሊት ይባንናል። ያንን የሚሰማለት በየሳምንቱ የማይቀር መካሪ ነው። አንድ መካሪ ሦስት አራት ልጅ ቢይዝ ነው። ጀምሮ ከሚጠፋ ደግሞ ባይጀምር ይሻላል፤ እነዚህ ልጆች የተዋቸው ሰው በዝቷል።

ለሴቶች ልጆች ሚዛኑ ይለያል። ውሃ ቀድተው፣ እንጨት ለቅመው ሜዳ የሚደርሱት ጥቂት ናቸው። ለእነሱ መጀመሪያ ቤት ድረስ ሄዳ እናትን የምታሳምን፣ እንደ ታላቅ እህት የሆነች መካሪ ትምጣ፤ ኳሱ ከዚያ ይቀጥላል።

ወንዶቹን ግን በኳስ ልጥራቸው፤ ምክሩን ከጨዋታው በኋላ፣ ሜዳው ዳር ላብ እስኪደርቅ ስንቀመጥ እጀምራለሁ።