«ለማንኛውም ንግድ ይሆናል» የተባለውን ሶፍትዌር አራት ቦታ ሞከርኩት

ስለ አንድ የሽያጭና የስቶክ ሶፍትዌር ነው የምጽፈው። ስሙን ትቼዋለሁ፤ የሱ ጣጣ የብዙዎቹ ጣጣ ስለሆነ እሱን ብቻ ብጠራ ሌሎቹ ነፃ የወጡ ይመስላቸዋል። ማስታወቂያው «ለማንኛውም ንግድ ይሆናል» ይላል። እኔ ሥራዬ የሰው ሂሳብ መያዝ ነው። አራት ደንበኞቼ ጋ አስገባሁት፦ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር፣ መድኃኒት ቤት፣ የመኪና መለዋወጫ መደብርና አንዲት ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ። ዓመት ሊሞላው ነው፣ አሁን አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ።

ጽሕፈት መሣሪያው ላይ ምንም አልልም። በአንድ ከሰዓት ተጭኖ አለቀ፣ ባለቤቱ በሦስተኛው ቀን እኔን መጥራት አቆመ። እስክሪብቶ እስክሪብቶ ነው። ዛሬ የገባውም አምና የገባውም ያው ነው። ስንት ቀረ፣ በስንት ተገዛ፣ በስንት ተሸጠ፣ መቼ ይታዘዝ፤ ሰውዬው ማወቅ የሚፈልገው ይችን ነው፣ ሶፍትዌሩም የሚያውቀው ይችኑ ነው። አምስት ኮከብ።

ጉዱ የወጣው መድኃኒት ቤቱ ላይ ነው።

መጀመሪያ ሁሉም ወዶት ነበር፤ ባርኮዱን ጢት ማድረግ፣ ደረሰኝ፣ ማታ ሪፖርት። አንድ ቀን ቆጠራ ላይ ሆነን ስክሪኑ 40 ፓኬት አለ አለን፣ መደርደሪያው ላይም 40 አገኘን። እኔ ደስ ብሎኝ ምልክት ላደርግ ስል ባለሙያዋ «ከነዚህ ውስጥ ቀኑ ቶሎ የሚያልፍበት ስንቱ ነው?» አለችኝ። ስክሪኑን አየሁት፣ እሱም አየኝ። 40ው ፓኬት ለካ ሦስት ባች ነው፣ ማለትም በሦስት የተለያየ ዙር የተመረተ፣ የአገልግሎት ማብቂያ ቀናቸውም ለየቅል። እሷ ግን ታውቀዋለች፤ እያንዳንዱ ፓኬት ጠርዝ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ወርና ዓመት ጽፋለች፣ ቀኑ የቀረበውን ከፊት አድርጋ ደርድራለች። የተከፈለበት ሶፍትዌር የማያውቀውን እስክሪብቶዋ ያውቃል።

የደንበኛ ድጋፍ ጋ ደወልኩ። ልጁ ትሑት ነው፣ ቶሎም ያነሳል፣ ይህን አልክድም። መፍትሔው ግን «ማስታወሻ የሚለው ቦታ ላይ ይጻፉት» ሆነ። ጻፍነው። ማስታወሻ ላይ የተጻፈ ቀን ለሶፍትዌሩ ዝም ብሎ ፊደል ነው፤ በቀን አይደረድረውም፣ ሊያልፍ ሲል አያስጠነቅቅም።

ነገሩ የሚጀምረው ከባርኮዱ ነው። ያ ባለመስመሩ ባለ 13 አኃዝ ባርኮድ የሚነግርህ ዕቃው ምን እንደሆነ ብቻ ነው፤ ከየትኛው ባች እንደመጣና መቼ እንደሚያልፍበት ውስጡ የለም። መድኃኒት ላይ የሚታተመው ትንሽዬ አራት ማዕዘን ኮድ፣ ዳታ ማትሪክስ የሚሉት፣ ባቹንም ቀኑንም ይይዛል። በአውሮፓ ኅብረት በሐኪም ማዘዣ የሚሸጡ አብዛኞቹ መድኃኒቶች ከየካቲት 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህ ኮድ ግዴታ ሆኖባቸዋል። እኛም የሚያነብ መሣሪያ ገዛን። ሶፍትዌሩ ከኮዱ ውስጥ የዕቃውን ቁጥር ይወስድና የቀረውን ይጥለዋል፤ የሚያስቀምጥበት ሳጥን የለውማ!

«ባች ምን ያደርጋል» ለሚል ሰው አንድ ነገር ላስታውስ። በ2018 እ.ኤ.አ. ቫልሳርታን የተባለው የደም ግፊት መድኃኒት ውስጥ ለካንሰር ያጋልጣል ተብሎ የሚፈራ ባዕድ ነገር ተገኝቶ በብዙ አገር ከገበያ ተሰብስቧል። የተሰበሰበው ግን ሁሉም ቫልሳርታን አይደለም፤ የተወሰኑ አምራቾች የተወሰኑ ባቾች ናቸው። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲመጣ «40 ፓኬት አለን» ማለት ምንም አይጠቅምም። የትኛው ነው ያለን? የትኛውንስ ለማን ሸጥን?

ደግሞ ሶፍትዌሩ በኩራት «ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይውጣ» ይላል። መድኃኒት ላይ አይሠራም፤ ትናንት የገባው አምና ከገባው ቀድሞ ሊያልፍበት ይችላል። ቀድሞ የሚያልፍበት ነው ቀድሞ መውጣት ያለበት። ሁለት ኮከብ፣ እሱም ለደረሰኙ።

መለዋወጫው ጋ ጥያቄው ሌላ ነው። እዚያ ሰው የሚመጣው ጥቁር ግሪስ የለቀለቀው ኩሽኔታ በላስቲክ ጠቅልሎ «እንዲህ ያለ አለ?» እያለ ነው። ሻጩ የመኪናውን ሻንሲ ቁጥር ይጠይቃል፤ 17 ፊደልና አኃዝ ነው፣ ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ ተብሎ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡበትም። ከዚያ የዕቃውን ቁጥር ይፈልጋል። ችግሩ አንድ ኩሽኔታ የመኪናው አምራች የሰጠው ቁጥር አለው፣ ተመሳሳዩን የሚሠራው ፋብሪካ የሰጠው ሌላ አለው፣ አሮጌው ቁጥር በአዲስ ሲተካ ደግሞ ሦስተኛ ይመጣል። ሶፍትዌሩ ለአንድ ዕቃ አንድ ኮድ ብቻ ነው የሚቀበለው። በአሮጌው ቁጥር ስትፈልግ «የለም» ይልሃል፣ ዕቃው ከጀርባህ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ! ባለቤቱ መላ ሲያጣ ቁጥሮቹን ሁሉ ስም የሚጻፍበት ቦታ ላይ ደረደራቸው። ፍለጋው ተስተካከለ፣ ደረሰኙ ግን ባቡር ሆነ።

አንድ ምክሩ ደግሞ አሳቀን። «ይህ ዕቃ ለወራት አልተንቀሳቀሰም፣ በቅናሽ ይሽጡት» አለ። ለደብተር ጥሩ ምክር ነው። መለዋወጫ ላይ ግን የሰውዬው ስም የወጣው ሌላ ቦታ የማይገኘውን ዕቃ ዓመት አስቀምጦ በመጠበቁ ነው። ሦስት ኮከብ እሰጠዋለሁ፣ ከተለማመዱት ይሠራል።

የእንግዳ ማረፊያውን በአጭሩ። ክፍል እንደ ዕቃ አስመዘገብን፣ ስቶክ 9። እንግዳ ሲያድር ተሸጠ፣ ጠዋት ሲወጣ «ተመላሽ» ብለን መመዝገብ ነበረብን፣ አለበለዚያ ማታ የሚሸጥ ክፍል የለም። በወሩ መጨረሻ ሪፖርቱ የሸጥነው ሁሉ እንደተመለሰብን ነገረን። ከሁሉ የባሰው ዛሬ ማታ ባዶ ያደረ ክፍል ነገ እንደማይሸጥ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ እሱ ዘንድ ያልተሸጠ ሁሉ «አለ» ነው። በሦስት ሳምንት አወጣነው። ኮከብ የለም።

የሚቀጥለው ወር ክፍያ ይታደሳል። ጽሕፈት መሣሪያውን አድሳለሁ፣ መለዋወጫውን ባለቤቱ ይወስን። ለመድኃኒት ቤቱ ባች የሚመዘግብ ሌላ እያየን ነው። ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ማሳያውን እናንተ አትዩት፣ መስኮት ላይ የሚሸጠውን ሰው ይዛችሁ ሂዱና ሻጩን እሱ ይጠይቀው። እኔ ባለሙያዋን አስቀድሜ ብጠይቃት ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። እስከዚያው በቀይ እስክሪብቶዋ ቀጥላለች፤ የምትገዛውም ከዚያው ከጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ ነው።