ኬብሮን በሁለት አስጎብኚዎች፦ የአንድ ቀን ጉብኝት ግምገማ

ከኢየሩሳሌም በዌስት ባንክ ወዳለችው ኬብሮን የሚወስደውንና ግማሹን ቀን በእስራኤላዊ፣ ግማሹን በፍልስጤማዊ አስጎብኚ የሚመራውን ጉብኝት የሞከርኩት ከ2023ቱ የጋዛ ጦርነት በፊት ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሁለቱ ወገኖች ስለ ግጭቱ የሚሉትን ከዜና ለዓመታት ሰምቻለሁ፤ በአንድ ቀን፣ በአንድ ከተማ፣ ከባለቤቶቹ አንደበት የሰማሁት ግን ያን ዕለት ብቻ ነው።

አሠራሩ ከከተማዋ አከፋፈል የመጣ ነው። በ1997 በተፈረመው ስምምነት 80 በመቶ ያህሉ «ኤች 1» ተብሎ በፍልስጤም አስተዳደር፣ ቀሪው «ኤች 2» ተብሎ በእስራኤል ጦር ቁጥጥር ሥር ሆኗል። እስራኤላዊው አስጎብኚ ወደ ኤች 1 መግባት በአገራቸው ሕግ አይፈቀድላቸውም፤ ፍልስጤማዊው ደግሞ በኤች 2 ባለው በቀድሞው ዋና የገበያ መንገድ፣ በሹሃዳ ጎዳና፣ አብዛኛው ክፍል መራመድ ተከልክለዋል። ስለዚህ አንዱ ለሌላው የሚያስረክቡን ኬላው ላይ ሲሆን፣ በሁለቱም በኩል የምናልፈው የውጭ ፓስፖርት የያዝነው እንግዶች ነን። ይህ ብቻውን ከብዙ ንግግር የበለጠ አስረድቶኛል።

እስራኤላዊው አብርሃም ለሣራ መቃብር ከገዛው ዋሻ ጀምረው ወደ 1929 መጡ። በዚያ ዓመት በኬብሮን 67 አይሁዶች እንደተገደሉ፣ ብዙዎችም አረብ ጎረቤቶቻቸው ቤት ተደብቀው እንደተረፉ፣ የዛሬዎቹ አይሁዳውያን ሰፋሪዎችም መምጣታቸውን ወደ ተነጠቁት ቤት እንደ መመለስ እንደሚቆጥሩት ገለጹ። ፍልስጤማዊው የጀመሩት ከ1994 ነው። በረመዳን አንድ ሰፋሪ በዚያው ዋሻ ላይ በተሠራው ኢብራሂሚ መስጊድ ሲሰግዱ የነበሩ 29 ሰዎችን ገደለ፤ ከዚያ ወዲህ የተዘጉት ግን የሟቾቹ ወገኖች ሱቆችና ጎዳናዎች ናቸው። ከፎቅ የሚወረወረውን ቆሻሻ እንዲይዝ በአሮጌው ገበያ ላይ የተዘረጋውን የሽቦ መረብም አሳዩን። ስለ 1929 ሲጠየቁ ጥያቄውን አልሸሹትም፤ ወንጀል መሆኑን አምነው፣ ለልጆቻቸው መንገድ መዘጋት ግን ምክንያት እንደማይሆን መለሱ። ለእኔ የቀኑ ትልቁ ሰዓት ይህ ነበር።

ዋሻው ያለበት ሕንፃ ዛሬ በከፊል መስጊድ፣ በከፊል ምኩራብ ነው፤ በዓመት 10 ቀን ሙስሊሞች፣ 10 ቀን ደግሞ አይሁዶች ሙሉውን ለብቻቸው ይይዙታል። «መክፌላ» የሚለው ስሙ በዕብራይስጥ ድርብነትን የሚያመለክት ሲሆን፣ ያው ክ-ፍ-ል በእኛ ቋንቋ መከፋፈልን መናገሩ እዚያ ቆሜ ልቤን ነካው።

ምሳው በአንድ ፍልስጤማዊ ቤተሰብ ቤት የቀረበ መቅሉባ፣ ማለትም ከዶሮ ጋር የተሠራ ሩዝ ነው። ዕለቱ ረቡዕ በመሆኑ ዶሮ እንደማልበላ ስነግራቸው፣ የቤቱ እመቤት ምንም ሳይከብዳቸው የምስር ሾርባና ሑሙስ (የተፈጨ ሽምብራ) አመጡልኝ።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። ለገበያው የተመደበው ጊዜ እጅግ አጭር ስለሆነ ከነጋዴዎቹ ጋር መነጋገር አልቻልንም። ከዚህ የሚብሰው ግን ሁለቱ አስጎብኚዎች አንዱ የሌላውን ትረካ አለመስማታቸው ነው፤ እኩል ሰዓት ቢሰጣቸውም አንደኛው የተናገሩት በሌላኛው ፊት አልተፈተነም። ሁለቱም መቆም በሚችሉበት በሕንፃው ደጃፍ ለጋራ ጥያቄና መልስ ግማሽ ሰዓት ቢጨመር፣ ዋጋው ከፍ ቢልም ደግሜ እከፍላለሁ።