ስምንት ወር ከጥንዚዛዎቼ ጋር

እናቴ አምባሩን መጀመሪያ ያየችው በቪዲዮ ስንደዋወል ነው። ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋችና «አንቺ፣ እጅሽ ላይ ያለው ጥንዚዛ ነው እንዴ?» አለችኝ። አዎ እማዬ፣ ያውም እበት የሚያንከባልለው!

የጥንት ግብፃውያን ያችን ድቡልቡል እበት አይተው ፀሐይን አሰቡ። ኬፕሪ የሚሉት አምላካቸው ፀሐይን በየማለዳው እንደዚያው እያንከባለለ ያወጣት ነበር። ጥንዚዛውንም ለክታብና ለማኅተም ቀረጹት። የእኔው ግን ግብፅን አያውቃትም። አሜሪካ የተሠራ ነው። እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ሃዋርድ ካርተር እ.ኤ.አ. በ1922 የጥንቱን የግብፅ ንጉሥ የቱታንካሙንን መቃብር ካገኘ ወዲህ የግብፅ ነገር ፋሽን ሆኖ ነበር፤ እንዲህ ያለው አምባር ደግሞ በ1950ዎቹ እዚህ አሜሪካ በሰፊው ይደረግ ነበር። ዋሽንግተን አካባቢ ካለ አሮጌ ዕቃ መሸጫ በ85 ዶላር ገዛሁት።

በጥንዚዛ መልክ የተቀረጸ ሰባት ድንጋይ አለው። ቀይ ካርኔሊያን፣ ታይገር አይ፣ ጥቁር ኦኒክስ፣ የቀሩት ቀለም የተነከሩ ይመስሉኛል። የሁሉም ጀርባ ላይ ክንፋቸው በጭረት ተሥሏል። ገልብጬ ሳያቸው ሆዳቸው ልሙጥ ነው። የጥንቶቹ ሆዳቸው ላይ የንጉሥ ወይም የባለቤቱ ስም ይቀረጽ ነበር።

በስምንት ወር ድንጋዮቹ አንድም ጭረት አላወጡም። ችግሩ ብረቱ ነው። መቆለፊያው ላይ «1/20 12ኬ ጎልድ ፊልድ» የሚል ማኅተም አለ፤ ከክብደቱ ከሃያ እጅ አንዱ ባለ 12 ካራት ወርቅ ነው ማለት ነው። 12 ካራት ደግሞ ግማሹ ብቻ ነው ወርቅ። ሒሳቡን ሥሩት! ያም ሆኖ ከተራ ወርቅ ቅብ በጣም ይሻላል። የለቀቀው ድንጋዮቹን የሚያያይዙት ቀለበቶች ጋ ብቻ ነው፣ እርስ በርስ ስለሚፋተጉ። እዚያ ነሐሱ ብቅ ብሏል፤ ላብ ሲነካው እጄን አረንጓዴ ያደርገዋል።

በአራተኛው ወር መቆለፊያው ራሱን ከፈተ። ቀኑን ሙሉ ስፈልገው ውዬ ማታ ከካፖርቴ እጅጌ ውስጥ ወደቀ። ወርቅ ሠሪ ጋ ወስጄ መቆለፊያውን አስቀየርኩ፣ ቀጭን መጠበቂያ ሰንሰለትም አስጨመርኩ። 30 ዶላር። ከመግዛታችሁ በፊት መቆለፊያውን አሥር ጊዜ ክፈቱ ዝጉት። የተነከረ ድንጋይ ካለው ውኃ ውስጥ አትዘፍዝፉት፤ እርጥብ ጨርቅ ይበቃዋል።

በጂንስ፣ በሥራ ልብስ፣ በሁሉም ያምራል። በነጠላ ግን አይሆንም። ለአንድ ሠርግ አድርጌው ሄጄ ቀለበቶቹ ጥበቡን ይዘው መዘዙት። የነጠላዬ ጠርዝ እስካሁን እንደተሳበ ነው።