ጅማ ያላችሁ ባለመኪኖች፣ «የሬስ ሰንሰለት» የሚሉትን እንዳታስገጥሙ

ሰሞኑን ጅማ ውስጥ አንድ ነገር እየተሸጠ ነው። ከመኪናው የፊት ጎማ ጀርባ ሰንሰለት ይታሰራል። አንዱ ጫፍ ከሻንሲው፣ ሌላው ከሎወር አርሙ (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር ከሚያያይዘው የታችኛው ክንድ) ላይ ይበየዳል። ለሁለቱም ጎን ከነብየዳው 9,000 ብር ይጠይቃሉ። «ፊቷን አታነሳም፣ ጭቃ ላይ አትንሸራተትም፣ የአሜሪካ የሬስ መኪና ላይ ያለው ራሱ ነው» ይሏችኋል። ካንገራገራችሁ ስልካቸውን አውጥተው ቪዲዮ ያሳያሉ።

ቪዲዮው እውነት ነው። ክፋቱም እሱ ላይ ነው።

አሜሪካ ውስጥ በአፈር መም ላይ የሚወዳደሩ መኪኖች የፊት እግራቸው በሰንሰለት ወይም በጠንካራ ቀበቶ ይታሰራል። መሙን ሲዞሩ የሚታጠፉት ወደ ግራ ብቻ ነው። ሹፌሩ ነዳጅ ሲረግጥ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሸሽና አፍንጫዋ ቀና ይላል። ቀና ካለች ከስር ንፋስ ይገባታል፣ መሪውም እንደ ልብ አይታዘዝም። ሰንሰለቱ ይህን ይገታል። አሞርዛተሩም (የሞላውን ዝላይ የሚያበርደው ዕቃ) እስከ ጫፍ ተስቦ ውስጡ እንዳይጎዳ ምቱን ይቀበልለታል። ርዝመቱን በግምት አያስሩትም። ለክተው፣ ሮጠው፣ ተመልሰው አንዲት ቀለበት ይጨምራሉ ወይም ይቀንሳሉ። የግራና የቀኙም አንድ ላይሆን ይችላል።

ግን ያቺ መኪና የምትገፋው በኋላ ጎማ ነው። የእኛ ቪትዞችና አብዛኞቹ ኮሮላዎች የሚጎተቱት በፊት ጎማ ነው። ይህን ሻጩ አይነግራችሁም፤ ምናልባት እሱም አያውቀውም።

መኪና ቆማ ሳለች ሞላው በክብደቷ ተጨምቆ ነው ያለው። ጎማው ጉድጓድ ሲገጥመው ሞላው ይዘረጋና ወደ ታች ይገፋዋል፣ መሬት እንዳይለቅ። ሰንሰለቱ የሚከለክለው ይህንኑ ነው። እስቲ የዴዶን ወይም የሰቃን የገጠር መንገድ በክረምት አስቡት፣ አይሱዙ የቆፈረው ቦይ መሃል ለመሃል የሚሄድበትን። አንዱ የፊት ጎማ ቦዩ ላይ ሲደርስ መውረድ ስላልቻለ ይንጠለጠላል። አየር ላይ ሆኖ በባዶ ይሽከረከራል። ዲፈረንሻሉ (ለሁለቱ ጎማዎች ጉልበት የሚያከፋፍለው ዕቃ) ተራ ስለሆነ መሬት የያዘው ጎማ ጉልበት አያገኝም። አለቀ፣ ቆማችኋል። ከጭቃ ያወጣል የተባለው ዕቃ ጭቃ ውስጥ ተከላችሁ ማለት ነው። ፍሬኑም ያው ነው፤ መሬት ያልነካ ጎማ ምኑን ያቆማል?

የአክስቴ ልጅ ቪትዙ ላይ አስገጥሞ ነበር። ሌላ ጋራዥ ወስደን በክሪክ አስነስተን ከስር አየናት። ሰንሰለቱ የግቢ በር የሚታሰርበት ዓይነት ነው። ሎወር አርሙ ስስ ቆርቆሮ ተጣጥፎ የተሠራ መሆኑ እየታወቀ በላዩ ላይ ብየዳ አንቦልቡለውበታል። ከብየዳው አጠገብ ያለው ጎሚኒ (የመጋጠሚያው ላስቲክ) በሙቀቱ ጫፉ ቀልጦ ጠቁሯል። መካኒኩ መሪውን ወደ ቀኝ አስጠመዘዘንና በጣቱ አንድ ቦታ አሳየን። ሰንሰለቱ የፍሬን ቱቦውን እየታከከ ልጦታል፤ የውስጡ ክር ብቅ ብሏል። ያ ቱቦ አጋሮ ቁልቁለት ላይ ቢፈነዳስ? ልጁ ግን ሲነዳት የሚሰማው «ቋ» የሚል ድምፅ ብቻ ነበር።

ያስገጠመበት ቦታ ሲመለስ «ገና አልለመደችም ወንድሜ፣ ትንሽ ንዳት» አሉት። መኪና መቼ ነው ሰንሰለት የምትለምደው? ገንዘቡን ሲጠይቅ ደግሞ «የሬስ ዕቃ ዋስትና የለውም» ሆነ መልሱ። ደረሰኝ አልሰጡትም፣ እሱም ከዚያ በላይ የሚከራከርበት ወረቀት የለውም። እናንተ ግን ማንኛውንም ዕቃ ስታስገጥሙ ደረሰኝ ሳትይዙ እንዳትወጡ፣ የተሠራው ሥራም በግልጽ ይጻፍበት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምንገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠናል። «ጭቃ ላይ አትንሸራተትም» ብሎ ይህን መሸጥ ትክክለኛ መረጃ አይደለም።

  

ፊቷ እየዘለለች ካስቸገረቻችሁ መጀመሪያ አሞርዛተሩን እዩ። ዘይት አፍስሶ ከረጠበ ችግሩ የት እንዳለ ነግሯችኋል። ቴስቲናውንና (የእግሩን መጋጠሚያ ኳስ) ጎሚኒውንም በዚያው አስፈትሹ። ጭቃ ላይ የምትንሸራተት ከሆነ ደግሞ የጎማውን ጥርስ እዩ። በተላጨ ጎማ ዴዶ ለመውጣት መሞከር ለማንም አልሆነለትም።

ካስገጠማችሁ ደግሞ ሰንሰለቱን በመጋዝ ቆርጦ መተው አይበቃም። ቁራጩ ተንጠልጥሎ ቱቦውን መታከኩን ይቀጥላል። ከሥሩ ይነሳ። የፍሬን ቱቦው ከተላጠ በፕላስተር አታስጠቅልሉት፣ ይቀየር። የተበየደበት ሎወር አርምም እንደዚያው። የአክስቴ ልጅ ሁለቱንም ቀይሯል፤ ከ9,000ው በላይ ወጣበት።