እጀታው የሚሞቅ መጋዝ ወይስ ወፍራም ጓንት?

በጥር ወር ሰሜን ስዊድን ወይም ፊንላንድ ጫካ ገብቶ በሞተር መጋዝ ዛፍ ለሚቆርጥ ሰው ብርዱ ቀልድ አይደለም። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ እዚያ ብርቅ አይደለም። እና ምን ይሻላል? እጀታው የሚሞቅ መጋዝ መግዛት ወይስ በተራው መጋዝ ላይ ወፍራም ጓንት ማጥለቅ?

ጓንቱ ርካሽ ነው፣ የሚበላሽ ነገርም የለውም። ግን ሲወፍር ጣት የሞተሩን ነዳጅ መስጫ ምላጭ በደንብ አይሰማውም፣ ከራሰ ደግሞ ባይኖር ይሻላል።

የሚሞቀው መጋዝ ሞተሩ የሚያዞረው ትንሽ ጄኔሬተር አለው፤ ከእሱ የሚወጣው ኤሌክትሪክ እጀታዎቹን ያሞቃል፣ ሲያስጠላ በማብሪያው ማጥፋት ነው። መጋዝ አምራቹ ሁስክቫርና እነዚህን ሞዴሎች «ጂ» በሚል ፊደል ይለያቸዋል፣ ሌላው አምራች ስቲል ደግሞ በ«ደብልዩ»። ነገሩ ቅንጦት እንዳይመስላችሁ፤ ብርድና ንዝረት ሲደራረቡ የጣት ደም ስሮች ይጠባሉ፣ ይህ ለዓመታት ሲደጋገም ደግሞ ጣት እየነጣ የሚደነዝዝበት በሽታ ሊመጣ ይችላል፣ እጅ ከሞቀ ግን ደሙ ይዘዋወራል። (ማሞቂያው ንዝረቱን ግን አይቀንሰውም፣ ያ በሞተሩና በእጀታው መካከል ያሉት ስፕሪንጎችና ጎማዎች ሥራ ነው።) በዚያ ላይ ዋጋው ይወደዳል፣ ሽቦው ሊበጠስ ይችላል፣ መዳፍን እንጂ የእጅን ጀርባ አያሞቅም። ስለዚህ ጓንት አይቀርም፣ ቀጭን ይበቃል እንጂ።

ብርዱን ወቅት ሙሉ ጫካ ለሚውል ሰው ያለ ጥያቄ የሚሞቀውን እላለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለምድጃው እንጨት ለሚቆርጥ ግን ሁለት ጥንድ ጥሩ ጓንት፣ አንዱ ሲርስ ሌላውን እየቀየረ፣ ይበቃዋል።